ሞኝና ወረቀት

ጌንት ላይ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አላባራ፣
ገጽ አርባ ሰባት ላይ ቆሟል የእኔ ሥራ።
የልቦለዱ አፍ፣ ተራኪው፣ ኢቮ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ቁጥሩ እስከ ሃያ ነው፣
ከሃያ የሚበልጠውን «ዝናብ» ነው የሚለው።
እናትና ልጅ ናቸው፣ ከቦዩ መዝጊያ ዳር፤
ጀልባ ባለፈ ቁጥር ቀለሙን ሲናገር
«ቀይ አለፈ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለም፣
ከጎኑ የተጻፈውን ስም ማንበብ አይችልም።

አርባ ሰባት ላይ እንዲህ ይላል፦

«እማዬ ሳጥን ውስጥ ገባች።
ሰዎች መጡ። ጫማቸው እርጥብ ነው።
ሳጥኑ እጀታ አለው። አራት።
ሾርባው ምድጃ ላይ ነው።»

በቃ። ይኸው ነው።

እኔ ግን ተርጓሚ ነኝ፣ እጄ አያርፍልኝም፤
ክፍት ቦታ ካየሁ ሳልሞላ አልተኛም።
«ምክንያቱም» ሸጎጥኩ በሁለቱ መሃል፣
«ስለዚህ» ደረብኩ፣ ያለዚያ ምን ያምራል፤
«ገባች» የሚለውን ፍቄ «አረፈች» አስገባሁ፣
በኢቮ አንደበት የእድር ጡሩምባ ነፋሁ።

መቅድሙም ስም ፈለገ። ልጁን ምን ልበለው?
ጅል፣ ቂል፣ ተላላ፤ የመዝገበ ቃላቱ እጅ ለስድብ ረጅም ነው።
«የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት» ብዬ ብጽፈው
ማኅተም የጎደለው የቀበሌ ደብዳቤ ነው።

ሐሙስ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤
ወይዘሮ ሄርሊንደ «ሳጥኑ አገር ነው» አሉን፤
ጡረተኛው መሐንዲስ «የለም፣ ቋንቋ!» አለ፣
«ተራኪው አይታመንም፣ ስንቱን ነገር ዘለለ።»
እኔም ሰም አቅልጦ ወርቅ ማንጠር ልማዴ፣
«ሾርባው ቁርባን ነው» አልኩ፤ ሞቀው ሆዴ።

ዋውተር ምድር ቤት ነው የሚኖረው።
ቀን ቀን የብስክሌት መብራት በካርቶን ያሽጋል።
አርብ አርብ የሕንጻውን ቆሻሻ ያወጣል፤
የማን ከረጢት እንደሆነ ከክብደቱ ይለየዋል።
ሰዎች እሱን ሲያነጋግሩ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።
ጆሮው ደህና ነው።

በሬን አንኳኳ። ገጹን አነበብኩለት፣
በራሱ ቋንቋ፣ ደራሲዋ እንደጻፈችው።
ከረጢቱን ሳያስቀምጥ ሰማኝ።
«ልክ ነው» አለ።
«ምኑ?»
«ሳጥኑን አይቷል። ሞትን አላየም።»
ደረጃውን ሊወርድ ሲል ዞር አለና፦
«ምድጃውን ማን አጠፋው?»

ከመስኮቴ ሥር ትራም አለፈ።
ቢጫ አለፈ።

ሁለት ክረምት ከዚህ መጽሐፍ ጋር ከርሜ
ይህን አልጠየቅሁም። ሐሙሶቹም አልጠየቁም።

ገጽ ስልሳ ሦስት፦
«ጣቴ ነጭ ሆነ። ውሃ ሲነካው ይከብዳል።»
«ከኀዘን ብዛት ጣቴ ገረጣ» ብዬው ነበር፤
ውሃውን እንባ አድርጌ።
ፋሻ ነው።
ትልልቆቹ ሳጥኑን ሲሸከሙ ሾርባው እያረረ ነበር፤
ኢቮ በእጁ አወረደው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤
እኔ በስድብነቱ ነው የተማርኩት።
ወረቀቱ ይኸው፣ ያንን ድስት እንደያዘ ነው።
የለቀቅሁት እኔ ነኝ።

ረቂቁን ቀደድኩ። «ምክንያቱም» ወጣ።
«ስለዚህ» ወጣ። «አረፈች»ም።
በሚመጣው አርብ ዋውተር ከረጢቴን ሲያነሳ
«ዛሬስ ከብዷል» ይለኝ ይሆናል።
መቅድሙ ላይ «ኢቮ» ብቻ አልኩ።

ከዚያ ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ዘጋሁ።
የእኛ ነጥብ አራት ነው፣ እንደ ሳጥኑ እጀታ፤
አራት ሰው ይዞ የሚያነሳው።

ሾርባው ምድጃ ላይ ነው።